40 ኪሎ ሜትር የፋይበር ቦይ፦ «ሽቦ ነው፣ ሁለት ገጽ ይበቃዋል» ተባልኩ

ጀማሪው | ጥቅምት 8

ሰላም ቤተሰብ። አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአንድ ወረዳ ከተማ ወደ ሌላው የሚዘረጋ የፋይበር (የኢንተርኔት ኬብል) መስመር አለ። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ይገናኙበታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን እኔ እንድጽፍ ተሰጠኝ።

አለቃዬ ያለኝ ይህን ነው፦ «ሽቦ ነው። ቆፍረው ይቀብሩታል፣ አለቀ። ጭስ የለው፣ ፍሳሽ የለው። ያምናውን ፋይል ክፈትና የቦታውን ስም ቀይር፤ ሁለት ገጽ ይበቃዋል።» ፋይሉን ከፈትኩት። የአንድ የቢሮ ሕንፃ ግምገማ ሆኖ አገኘሁት። «ጊዜያዊ አቧራና ድምፅ ይኖራል፤ ውሃ በመርጨት ይቀነሳል» ይላል።

እስካሁን የሠራሁት ሒሳብ ብቻ ነው። ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 1.2 ሜትር ጥልቀት አለው። በ40 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 19,200 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ 1,200 ጊዜ የሚመላለስበት አፈር ማለት ነው። ይህ ሁሉ ቦዩ ዳር ተከምሮ ይቆይና ተመልሶ ይገባል። ቁጥሩን ሳየው «ሽቦ ነው» የሚለው ነገር አልዋጥ አለኝ። ግን ከአቧራ ሌላ ምን ልጻፍ? ልምድ ያላችሁ እስቲ እርዱኝ።

---

መምህር ከቆላ | ጥቅምት 8

ወንድሜ፣ አትቀየመኝና እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይ ደሜ ይፈላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 በኮምፒውተርም መሰጠት ሲጀምር የእኔ ተማሪዎች ማውዝ ነክተው አያውቁም ነበር። አንድ ቅጽ ለመሙላት ከተማ ድረስ በእግር የሚሄዱ ልጆች አሉኝ። እናንተ ደግሞ መጣ የተባለውን መስመር በወረቀት ታስሩታላችሁ። ገበሬው በዓመት ስንት ጊዜ ያርሳል? ያን ያህል መሬት ሲገለበጥ ማን ግምገማ ጠየቀው? ሁለት ገጽ ጽፈህ ልቀቀው።

---

ስፕላይሰሩ | ጥቅምት 9

መምህር፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ማረሻ አንድ ሜትር ከሃያ አይወርድም።

እኔ ፋይበር በመበየድ ነው የምተዳደረው። አለቃህ ያለው ግማሹ እውነት ነው፣ ጀማሪው። ፋይበር ራሱ የመስታወት ክር ነው። ኤሌክትሪክ አይሄድበትም፣ አይሞቅም፣ አፈር ውስጥ አይበሰብስም። መልእክቱን የሚሸከመው ብርሃን ሳይታደስ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ በ40 ኪሎ ሜትር መሀል ጀኔሬተር የሚፈልግ ጣቢያ የለህም። ይህን ጻፈው፤ መልካም ተጽዕኖም ተጽዕኖ ነው። ጀኔሬተርና ባትሪ የሚኖረው ሁለቱ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ የናፍጣ ማስቀመጫውንና የአሮጌ ባትሪ ነገር ጠይቅ። ባትሪው እርሳስና አሲድ ነው። ሲያረጅ የት እንደሚሄድ ውል ውስጥ ካልተጻፈ ጓሮ ሲጣል አይቻለሁ።

አሁን ማንም የማይጽፈውን ልንገርህ። ስንበይድ የምንቆርጠው የክር ስብርባሪ ፀጉር ያክላል፤ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ክዳን ባለው ዕቃ ተሰብስቦ መሄድ አለበት። ማንሆሉ (የኬብሉ መገጣጠሚያ ጉድጓድ) አጠገብ ከተራገፈ በማግስቱ ሕፃናት ይጫወቱበታል። የተረፈ ዳክት፣ ማለትም ኬብሉ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ላይ ደግሞ ሠራተኛው እሳት ይለቅበታል። ፕላስቲክ ነው፣ ጭሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለገበሬው ብትሰጠው ውሃ ይጠልፍበታል፤ እያቃጠልነው ግን «ስጡኝ» ብለው የተጣሉን ሽማግሌ አሉ።

ሌላው የተከፈተ ቦይ ነው። ኮንትራክተሩ ኤክስካቫተር በቀን ስለሚከራይ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር አስቀድሞ ይከፍተዋል። ኬብሉ የሚደርሰው ከሳምንት በኋላ ነው። ማታ ጥጃ ይገባበታል፣ ሰው ይገባበታል። «የዛሬን ቁፋሮ ዛሬ ድፈን» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባ። አንድ መስመር ነች፤ ብዙ ጠብ ታድናለች።

---

አፈርና ውሃ | ጥቅምት 9

አሥራ ሁለት ዓመት በተፋሰስ ሥራ ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ጀማሪው፣ ስፋትና ጥልቀቱን ሠርተሃል። አሁን አቅጣጫውን እይ።

ቦዩ ከእርከኑ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ብዙ አይጎዳም። ቁልቁል ሲወርድ ግን እርከኑን አንድ በአንድ እየቆረጠ ይሄዳል። ያ እርከን ሕዝቡ በየበጋው ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ነው። ኤክስካቫተር በአንድ ጠዋት ሃያውን ይበሳዋል። ኮንትራክተሩ አፈሩን መልሶ፣ በጎማው ረግጦ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ፎቶው ላይ ሁሉም ነገር ያምራል።

ሐምሌ ይመጣል። የተመለሰ አፈር እንደ ድሮው አይያያዝም፣ ይሰምጣል። የሰመጠው መስመር ደግሞ ውሃ ይጠራል። ውሃው ከላይ ብቻ አይሄድም፤ ዳክቱን ተከትሎ ከሥርም ይሮጣል። ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። በሁለተኛው ክረምት ቦረቦር ሆኗል፤ ዳክቱ እንደ አንጀት ተንጠልጥሎ ታየዋለህ። ያኔ ገበሬው መሬቱን አጣ፣ ኩባንያው ኬብሉን አጣ። ሁለቱም ይከሳሰሳሉ። ግምገማው ግን «አቧራ» ይላል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ቁልቁለት ላይ በየተወሰነ ርቀት ቦዩ ውስጥ የሸክላ አፈር ወይም በአፈር የተሞላ ጆንያ እየደረደሩ ውሃውን ማቆም ነው። ቁልቁለቱ ሲበረታ ርቀቱ ይጠባል። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ ይከመር፤ ሲመለስም ከላይ ይሁን። ተገላብጦ ከገባ ያ ማሳ ለዓመታት ፍሬ ይነፍጋል። በየሃያ ሠላሳ ሳንቲ ሜትሩ ይጠቅጠቅ፤ መጨረሻ ላይ ጉብ ተደርጎ ይተው፣ ስለሚሰምጥ። የተቆረጠው እርከን በድንጋይ ይታሰር፤ ደሾ ሳር ይተከልበት።

ደግሞ ሰሜን ሸዋ ብለሃል። ጅሩና እነዋሪ በኩል ከሆነ ዋልካ ነው። ያ ሌላ ጉድ ነው፤ የአገሩ ሰው ይንገርህ።

---

የጅሩ ልጅ | ጥቅምት 9

አቤት፣ ተጠራሁ።

ዋልካ በበጋ ተሰንጥቆ እጅህን ያስገባል። በክረምት ያብጥና እንደ ሊጥ ይሆናል። የተቀበረ ነገር አይወድም። የቀበርከውን ማንሆል ያጋድለዋል፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይገፋዋል። ዋልካውን መልሰህ ስትጠቀጥቅ ደግሞ ደርቆ እንደ ድንጋይ የሆነ ጓል ነው የምትመልሰው። በመሀሉ ባዶ ቦታ ይቀራል። መጀመሪያ ዝናብ ላይ ግንቦት መጨረሻ ሄደህ ብታይ ቦዩ በሙሉ ጎድጉዷል።

የእኛ አገር ገበሬ ውሃውን ለማጠንፈፍ ሰፋፊ መደብ እየሠራ ነው የሚዘራው። አያቶቻችን በእጃቸው ሠርተውታል። የመደቡ ቦይ የሚወርድበትን መስመር የናንተ ቦይ ከዘጋው ከላይ ያለው ማሳ ላይ ውሃ ይተኛበታል። አንድ ጥማድ ምስር ውሃ ሲተኛበት አይተህ ታውቃለህ? በሦስት ቀን ቢጫ ነው።

ደግሞ «በበጋ ስለሚቆፈር ሰብል አይነካም» ብለህ እንዳትጽፍ። ዋልካ ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ጥር ላይ መንገድ ዳር ያለው ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ።

---

መምህር ከቆላ | ጥቅምት 10

እሺ፣ ተማርኩ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ሁሉ ጣጣ ካለው ለምን መቅበሩ ቀርቶ በእንጨት ላይ አይሰቀልም? የባሕር ዛፍ እንደሆነ ሞልቷል።

---

ስፕላይሰሩ | ጥቅምት 10

ይሰቀላል። ፈጣንና ርካሽ ነው። ግን ባሕር ዛፉ ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል መነከር አለበት፤ ያ ኬሚካል እግሩ ሥር ያለ አፈር ውስጥ ይገባል። ነፋስ ይጥለዋል፤ ወፍም ይጋጨዋል፤ ከባድ መኪና ይጎትተዋል። መዳብ መስሏቸው የሚቆርጡትም አሉ። ቆርጠው መስታወት ሲያገኙ ጥለውት ይሄዳሉ፣ እኛ ሌሊት እንጠራለን።

ከሁሉ የሚሻለው ቁፋሮ የሌለው ነው። የከፍተኛ ኃይል መስመር አናት ላይ ያለችው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ብዙ ጊዜ ሆዷ ውስጥ ፋይበር አለ። የመብራት ኃይል ሰዎች ለቴሌኮም ያከራያሉ። ግምገማ ላይ «አማራጮች» የሚል ክፍል የለም እንዴ? መጀመሪያ በአካባቢው እንዲህ ያለ መስመር ያልፍ እንደሆነ ጠይቅ። ቢያንስ አሥሩን ኪሎ ሜትር ሊያስቀርልህ ይችላል።

---

የሚኒሶታው | ጥቅምት 10

ከስደት ሰላምታ። እዚህ ገጠር ለገጠር ፋይበር ከሚቀብር ቡድን ጋር ነው የምሠራው። ብዙ ቦታ ቦይ አንከፍትም። ከትራክተር ኋላ የሚጎተት ማረሻ አለ፤ እየተንቀጠቀጠ መሬቱን ይሰነጥቃል፣ ዳክቱን በሥሩ ያስገባል፣ አፈሩ ወዲያው ይገጥማል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳቄ መጣ። ሞፈሩ ላይ ሞተር የተገጠመለት የአባቴ ማረሻ ነው በቃ። ድንጋይ በሌለበት ቦታ 19,200 ሜትር ኩብህን ዜሮ ያደርገዋል።

መንገድና ወንዝ ሲመጣ ደግሞ በሥሩ አግድም እንበሳለን። ቀዳዳው እንዳይደረመስ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ ጭቃ በግፊት ይገባል። መርዝ አይደለም። ግን አንዳንዴ ያላሰብከው ቦታ ፈንድቶ ይወጣና ወንዙን ያደፈርሳል፤ ዓሣውን ያፍነዋል። ስለዚህ ወንዙ ዳር አንድ ሰው ቆሞ ውሃውን ያያል። ከደፈረሰ ማሽኑ ይቆማል። ሥራው ማየት ብቻ ነው፤ እኔም በዚያ ነው የጀመርኩት።

ስለ ወረቀቱ፦ እዚህ የፌዴራል ገንዘብ ከገባበት የአካባቢ ሕጉ ይመለከተዋል። ሕጉ ከ1970 ጀምሮ ያለ ነው። ግን ሦስት ደረጃ አለው። በነባር መንገድ ክልል ውስጥ የሚሄድ ፋይበር ብዙ ጊዜ ከታች ባለው ቀላል ደረጃ ያልፋል። ቀላል ማለት ግን አይታይም ማለት አይደለም። ረግረግ አለ? የቀደምት ሕዝቦች መቃብር አለ? የሌሊት ወፍ የሚራባበት ዛፍ አለ? አለ ከተባለ ያቺ ቁራጭ ብቻ ተለይታ በደንብ ትታያለች። ለሌሊት ወፏ ሲባል ዛፍ የምንቆርጠው በብርድ ነው፤ ጣቴ እየደነዘዘ። መምህር፣ ለአንተም መልስ ይሆን ይሆናል፤ 38 ኪሎ ሜትሩ ቶሎ ይሄዳል፣ ጊዜ የሚወስደው ሁለቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመቆፈራችን በፊት 811 ደውለን በነፃ ያስምሩልናል። ውሃው በሰማያዊ፣ መብራቱ በቀይ፣ ጋዙ በቢጫ፣ የኛው በብርቱካን። አገር ቤት ሳለሁ የምናውቀው ከተመታ በኋላ ነበር።

---

አፈርና ውሃ | ጥቅምት 11

ማረሻው ደስ ይላል፤ ደረቅ ዋልካ ላይ ግን ይሰበራል ብዬ እፈራለሁ። እርጥበቱ ሳይጠፋ ኅዳር ላይ ከሆነ ደግሞ ማሳው ሰብል ላይ ነው። ጭንቅ ነው።

ማሽን ካነሳን አይቀር፣ ጎማውን እጠቡት። ፓርቴኒየም የሚባለው መጤ አረም ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው እንዲሁ በጭቃ ተለጥፎ ነው። የተቆፈረ ባዶ መሬት ደግሞ ለእሱ ሠርግና ምላሽ ነው።

---

ጠበቃ ነኝ | ጥቅምት 11

በአጭሩ። አለቃህ እንዲያነበው የምትሰጠው ይህን ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል። ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ፕሮጀክቱ ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ተብሏል። «ከወረዳው አመራር ጋር ተወያይተናል» ብሎ ፊርማ ማያያዝ ይህን አይተካም።

እህቴ ስለ እርከን ያነሣችው በሕግም ትልቅ ነጥብ ነው። አንቀጽ 40 ገበሬው በጉልበቱ መሬቱ ላይ ላደረገው ቋሚ ማሻሻያ ሙሉ መብት ይሰጠዋል። እርከን ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ካሳው ሲሰላ ግን ብዙ ጊዜ ሰብሉ ብቻ ይቆጠራል። እርከኑን በሜትር ለክተህ አስገባ።

ሦስተኛ፣ ቆፋሪው ሲቆፍር አሮጌ መቃብር ወይም የተጠረበ ድንጋይ ካገኘ፣ የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ማሳወቅና ባለበት መጠበቅ ግዴታ ያደርግበታል። ይህ ለኤክስካቫተሩ ሹፌር በቃል ይነገረው። ሪፖርቱን አያነብም።

---

ጀማሪው | ኅዳር 3

የት ጠፋህ ላላችሁኝ፦ በእግሬ ስሄድ ነበር።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የትራንስፖርት በጀት የለም ስለተባልኩ በራሴ ሄድኩ። ሁለት የአካባቢው ሽማግሌዎች አብረውኝ ተጓዙ። ካርታው ላይ ቀጥ ያለች ቀይ መስመር ነበረች። መሬቱ ላይ አንድ ምንጭ አናት ላይ ታልፋለች። ሴቶቹ እንስራ ይዘው ተሰልፈው «ከላይ ከቆፈራችሁት ውሃው መንገድ ይቀይርብናል» አሉኝ። እኔ አላወቅኩም፤ አፈርና ውሃ፣ አንቺን ደውዬ ስጠይቅሽ «እነሱን ስማ» አልሽኝ። መስመሩን ከምንጩ በታች አወረድነው።

ሌላ ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደን ጥግ ይነካል። ወይራና ጽድ አለበት። ሽማግሌው ቆም ብለው በዱላቸው መሬቱን ነኩና «እዚህ ሰው ተኝቷል» አሉ። ምንም ምልክት የለውም፣ ሣር ብቻ ነው። የረሃብ ጊዜ መቃብር ነው አሉ። ከመንገዱ ማዶ ተሻገርን። 200 ሜትር ኬብል ጨመረ፣ አለቀ።

ቁልቁለት የሚወርደው ክፍል በድምሩ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። እርከን ቆጠርኩ። 143 ቦታ ይቆረጣል። የጅሩ ልጅ፣ ሽምብራው እንዳልከው አረንጓዴ ነበር። ስለዚህ ማሳ የሚነካው ክፍል ከየካቲት አጋማሽ በኋላ እንዲሆን፣ ከዚያ በፊት የመንገድ ዳሩ እንዲቀድም ጻፍኩ። መብራት መስመሩንም ጠየቅኩ፤ በዚያ በኩል አያልፍም።

አለቃዬ 31 ገጽ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። የ143ቱን እርከን ፎቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ይሄን ከየት ገለበጥከው?» አለኝ።

---

መምህር ከቆላ | ኅዳር 3

ስንት ቀን አዘገየው? እውነቱን ተናገር።

---

ጀማሪው | ኅዳር 4

የእኔ ሥራ ዘጠኝ ቀን ጨመረ። ዳክቱ ራሱ ከጉምሩክ የሚወጣው ጥር ላይ ነው ተብሏል።

---

መምህር ከቆላ | ኅዳር 4

ሃሃሃ። እሺ፣ አንተን ተውኩህ።

---

ጀማሪው | መስከረም 24

የቆየውን ውይይት ስለቀሰቀስኩት ይቅርታ። አዲስ ዓመትም ገብቷል፣ እንኳን አደረሳችሁ። ክረምቱ ወጣ፤ መስመሩን እንደገና ሄጄ አየሁት። ይህን ጉብኝት ግምገማው ላይ አስቀድሜ ስለጻፍኩት ማንም ሊከለክለኝ አልቻለም፤ አሁን በጀትም ነበረው።

ከስድስት ኪሎ ሜትር ተኩሉ ቁልቁለት አራቱ ደህና ነው። ጆንያዎቹ ይዘዋል። ደሾው ጉልበት ደርሷል፤ ገበሬዎቹ እያጨዱ ለከብት ይሰጣሉ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ላይ አፈሩ ተገላብጦ ተዳፍኖ ነበር፤ ጥቁሩ አፈር ከሥር፣ ቀዩ ከላይ ሆኖ። ያን ሳምንት ተቆጣጣሪው ታሞ ነበር አሉ። ስንዴው በመስመሩ ልክ አጥሮ ይታያል፣ በቀለም እንደተሰመረ።

የቀረው አንድ ኪሎ ሜትር ተቦርቡሯል። በሦስት ቦታ ዳክቱ ወጥቷል። የሚገርመው፣ አንድ ገበሬ ሰው ሳይጠብቅ ድንጋይ ካብ ካብ አድርጎ ክትር ሠርቶበታል። «እናንተ እስክትመጡ መሬቴ ዓባይ ይገባል» አለኝ። የድካሙ ዋጋ እንዲከፈለው ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ጠበቃ፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ።

ዋልካው ላይ ከአሥራ አንድ ማንሆል አራቱ አጋድለዋል። የጅሩ ልጅ ይሳቅ።

---

ስፕላይሰሩ | መስከረም 24

ዳክቱ የወጣበትን ፎቶ ለጥፍልን። ከመሬት በላይ ያለው ምን ያህል ነው? ፀሐይ ካገኘው ፕላስቲኩ ይሰባበራል። ደግሞስ ትምህርት ቤቶቹ ተገናኙ ወይ? መምህር ሳይጠይቅህ ልቅደመው።

---

ጀማሪው | መስከረም 25

ተገናኝተው ነበር። ነሐሴ ላይ አሥራ አንድ ቀን ሠራ። ከዚያ መንገዱን የሚያሰፋ ሌላ ኮንትራክተር በግሬደር መታው። የት እንዳለ የነገረው የለም፤ የመንገዱ ሰዎች ግምገማ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው ያለው።

ፎቶውን ማታ እለጥፋለሁ። እዚህ ኔትወርክ የለም፤ ይህን የምጽፈው ከተራራው አናት ወጥቼ ነው።